የሕመምን እንግሊዝኛ ላስተማሩን ጋሼ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ለነርሶች፣ ለፋርማሲ ሠራተኞች፣ ለአስጎብኚዎች፣ በአጠቃላይ ከውጭ ዜጋ ጋር ለምትውሉ ሁሉ ነው። አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ልጠቁማችሁ፣ እግረ መንገዴንም ላመሰግናቸው። ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ፣ ግቢያቸው ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ያስተምራሉ። ጡረታ የወጡ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

እኔ ነርስ ነኝ። የምሠራው መሀል ከተማ ስለሆነ የኤምባሲውም፣ የአፍሪካ ኅብረቱም ሰው ይመጣል። ትምህርት ቤት ያገኘነው እንግሊዝኛ ደግሞ ለሕመም «ፔይን» እና «ሲክ» ሰጥቶን አለፈ። በሽተኛ ግን እንደዚያ አያወራም።

ጋሼ የሚጀምሩት ከእኛው አፍ ነው። «እናትሽ ጥርሷን ሲያማት ምን ትላለች?» አሉኝ። «ይጠዘጥዘኛል» አልኳቸው። «በይ እሱ ትሮብ ነው» አሉ። ከዚያ ሁላችንንም ጣታችንን አንጓችን ላይ አስደረጉን። በአንድ እጃችን የደም ሥራችንን ትርታ እየያዝን፣ በሌላው ጡጫችንን እየጨበጥን እየዘረጋን ቃሉን አስደጋገሙን። ትሮብ እንደ ልብ ምት ትር ትር የሚል ሕመም ስለሆነ ነው እንዲህ የሚያስተምሩት። ከዚያ በኋላ ማን ይረሳዋል?

ድንገት መጥቶ የሚሄደውን ለብቻ፣ አልለቅ የሚለውን ለብቻ ያስይዛሉ። ጎን ሲወጋ «ስታብ»። ከወገብ ተነስቶ እስከ እግር ሲነዝር «ሹት»። ንብ ስትነድፍ ወይም ቁስል ላይ አልኮል ሲያርፍ «ስቲንግ»። የሚሰነብተው ደግሞ «ኤክ» ነው፣ ጉልበት ሲቆረጥም እንደሚባለው። ቀለል ብሎ ግን አላስቀምጥ ሲል «ናግ»። ለእኛ ሙያ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የሚነዝር ሕመም ሐኪሙን ነርቭ እንዲያስብ ያደርገዋል፣ የሚቆረጥመው ወደ መገጣጠሚያና ወደ ጡንቻ ይመራዋል።

ሰዋስውን የሚያስረዱበት መንገድም ደስ ይላል። በአማርኛ «ራሴን አመመኝ» እንላለን። ሕመሙ አድራጊ ነው፣ ሰውየው ተቀባይ። በእንግሊዝኛ ራስ ራሱ ባለቤት ይሆናል፦ «ማይ ሄድ ኸርትስ»። «አይ አም ፔይኒንግ» የሚለው ስሕተት ከሁላችንም አፍ የሚወጣው ለዚህ ነው አሉ። ማንንም ሳያሳቅቁ ነው የሚያርሙት። «ኤክ» በ«ሲ ኤች» ተጽፎ «ክ» ተብሎ መነበቡ ሲያስቸግረን ታሪኩን ነገሩን። ግሱ ድሮ በ«ኬ» ይጻፍ ነበር። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባወጣው መዝገበ ቃላት ከግሪክ የመጣ መስሎት አሁን ያለውን አጻጻፍ ደገፈ፣ እሱም ጸንቶ ቀረ።

አንድ ቀን ደግሞ የማክጊልን የሕመም መጠይቅ አትመው አደሉን። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮናልድ ሜልዛክ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመው ነው። 78 የሕመም ቃላት በ20 ምድብ ተከፍለዋል፣ ብዙዎቹም ከግስ የወጡ ናቸው። የመጀመሪያው ምድብ «ፍሊከሪንግ» ብሎ ጀምሮ፣ «ትሮቢንግ»ን አልፎ «ፓውንዲንግ» ላይ ያበቃል። ሐኪም ቤት እየሠራሁ ይህን ወረቀት ያየሁት እሳቸው ዘንድ መሆኑ ያስገርመኛል። ፍርሃትንና ድካምን የሚገልጹ ቃላትም አሉበት፣ ሕመም አካል ላይ ብቻ አያበቃምና።

የስሜቱን ክፍል ያስተማሩን ቀን ግን ለእኔ ይለያል። እናቷ ያረፉባት አንዲት ልጅ አብራን ትማራለች። «ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ምን ልበል?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ ቾኩን አስቀምጠው አጠገቧ ተቀመጡ። «ማይ ሃርት ኤክስ በይ ልጄ፣ ከሰነበተ ሐዘን ጋር የሚሄደው እሱ ነው» አሏት። የሚከነክን ነገር «ኖ» (gnaw) እንደሚባልም ያን ቀን ነው የተማርነው። ሲጻፍ ፊቱ «ጂ» አለ፣ አይነበብም። ክፉ ቃል ሲሰማ ደግሞ ያው «ስቲንግ» ይሠራል። ያዘነ ሰው ፊት ቆሞ ቃል ማጣት ምን ያህል እንደሚከብድ የምናውቅ ሰዎች ነን፣ ስለዚህ ውለታቸው ትልቅ ነው። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ለመመዝገብ ላሰባችሁ፦ ሰርተፍኬት አይሰጡም፣ ለፈተና መዘጋጃም አይደለም። ፈተና የደረሰበት ሰው ሌላ ቦታ ቢሄድ ይሻለዋል። ማርፈድ አይወዱም፣ ክፍሏም ጠባብ ናት። ክፍያው ግን ኪስ አይጎዳም፣ ሌሊት ተረኛ ለሆነ ሰውም ያመለጠውን በሌላ ቀን ያካክሱለታል። ስልካቸውን አደባባይ ላይ መለጠፍ አልፈለግኩም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። የምትሠሩበትን ሙያ አብራችሁ ንገሩኝ፣ ከዚያ ተነስተው ነው ትምህርቱን የሚያዘጋጁት።