ክራንክቤይት ስትገዙ ቀለሙን ተዉት፣ ምላሱን እዩ

ከማርች እስከ ኖቬምበር ሦስት ዓይነት ክራንክቤይት ይዤ ቴክሳስ ውስጥ ባስ የሚባለውን ዓሣ ሳጠምድ ከረምኩ። አብዛኛውን ጊዜ ጋርላንድ አጠገብ ባለው በሬይ ሃባርድ ሐይቅ ነበር። ቅዳሜ ነጻ ስሆን ደግሞ ከዳላስ በስተምሥራቅ ወዳለው ሌክ ፎርክ እነዳለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ለማያውቀው ሰው፣ ክራንክቤይት ትንሽ ዓሣ መስሎ ከፕላስቲክ ወይም ከቀላል እንጨት የሚሠራ ማታለያ ነው። ሆዱና ጭራው ላይ ባለሦስት ጫፍ መንጠቆ ተንጠልጥሏል። አብዛኛው ዓይነት ወርውራችሁ ዝም ካላችሁት ይንሳፈፋል። ክሩን መጠቅለል ስትጀምሩ ግን አገጩ ላይ ያለችው ምላስ ውሃውን ትገፋለች፣ አፍንጫው ይደፋል፣ እየተወዛወዘ ይጠልቃል። ምላሷ አጭርና ወደ ታች የቆመች ከሆነች ጥቂት ጫማ ብቻ ይወርዳል። ረጅምና ወደ ፊት የተዘረጋች ከሆነች ጥልቅ ድረስ ይሄዳል።

ሱቅ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ የሚያየው ቀለሙን ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ይሄ ነገር የሚጋጨው ከምን ጋር ነው? ከእንጨት፣ ከድንጋይ ወይስ ከሣር? ክራንክቤይት ምንም ሳይነካ ባዶ ውሃ ውስጥ ሲዋኝ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ መዋኘት ነው። ባስ አድፍጦ የሚጠብቅ ዓሣ ነው። ግንድ ሥር ወይም ድንጋይ ጥግ ይቀመጣል። ማታለያው ከግንዱ ተላትሞ ድንገት አቅጣጫ ሲቀይር ነው ሳያስብ የሚዘልበት።

ለእንጨት ስኩዌርቢል የሚባለውን ነው የምይዘው። ምላሱ አራት ማዕዘን ነው። በአማካይ ከ3 እስከ 6 ጫማ ይወርዳል። ሌክ ፎርክ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ግድቡ በ1980 ሲያልቅ ብዙ ዛፍ ሳይቆረጥ ቀርቶ ውሃው ስለዋጠው ዛሬም ደረቅ ግንድ በየቦታው ቆሟል። አራት ማዕዘኗ ምላስ ከመንጠቆዎቹ ቀድማ እንጨቱን ትነካለች፤ ዓይነ ስውር በዱላው መንገዱን እንደሚዳብስ ማለት ነው። ስትነካ ሰውነቱ ወደ ጎን ይገለበጣል፣ መንጠቆዎቹ ከኋላ ተከልለው ያልፋሉ።

አጠቃቀሙን ጠጋ ብለን እንየው። ከግንዱ አሳልፋችሁ ወርውሩ። ጠቅልሉ። ዘንጉ እጃችሁ ላይ በእኩል ምት ይንቀጠቀጣል። ከዚያ አንድ ጊዜ «ቋ» ይላል፣ እንጨት ነክቷል። እዚህ ጋ መጎተት ክልክል ነው! ቁሙ። ክሩን ትንሽ ላላ አድርጉት። ማታለያው ተንሳፋፊ ስለሆነ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ራሱ ይወጣል። ከዚያ ሁለቴ ጠቅልሉ። ክሩ ወደ ጎን ሲሄድ ካያችሁ ዓሣው ወስዶታል። ያኔም በኃይል አትንጠቁ። ዘንጉን ወደ ጎን ወስዳችሁ መጠቅለላችሁን ቀጥሉ። እነዚህ መንጠቆዎች ቀጫጭን ናቸው፣ ቶሎ ከተነጠቁ ከአፉ ይወጣሉ። ለስላሳ ዘንግ የሚመከረውም ለዚህ ነው፤ ደረቅ ዘንግ ዓሣ ያስመልጣል።

ሬይ ሃባርድ ሌላ ዓለም ነው። አይ-30 አውራ ጎዳና ሐይቁን አቋርጦ ያልፋል፣ ከመንገዱ ሥር ዳሩ በድንጋይ ክምር የተሸፈነ ነው። ጀልባ ለሌለው ሰው ደስ የሚል ቦታ ነው። አዲስ ሰው እዚህ ሲመጣ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ አቅሙ የቻለውን ያህል ርቆ ይወረውራል። ማታለያው ድንጋዩ ላይ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ነው። ከዳሩ ጋር ትይዩ ብትወረውሩ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድንጋይ እየነካ ይመጣል። ነፋስ ፊት ለፊት የሚመታውን ዳር ምረጡ። ባስ የሚበላውን ሻድ የሚባል ትንሽ ዓሣ ነፋሱ ወደ ድንጋዩ ይገፋዋል። ፊታችሁ ላይ ውሃ ይረጫል፣ ቻሉት።

ድንጋይ ላይ ግን መንጠቆ ቶሎ ይደንዛል። ጫፉን አውራ ጣት ጥፍር ላይ አስቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉት። ከያዘ ደህና ነው። ከተንሸራተተ ቀይሩት። መንጠቆ ውድ አይደለም፣ ዓሣ አምልጦ ከመቆጨት ይሻላል።

ሁለተኛው ራፓላ ዲቲ6 የሚባለው ነው። ባልሳ ከሚባለው ቀላል እንጨት ነው የሚሠራው። ቁጥሩ የሚወርድበትን ጥልቀት ይነግራችኋል፤ ዲቲ6 6 ጫማ፣ ዲቲ10 10 ጫማ። ወፍራም ክር ካሰራችሁ ግን እዚያ አይደርስም። እኔ 10 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን የሚባል ክር ነው የማስርለት፣ ስለሚሰምጥ ማታለያውን ወደ ላይ አይጎትተውም። የዲቲ6 ውዝዋዜ ጠበብ ያለ ነው። ማርች ላይ ውሃው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ባስ ስለሚሰንፍ ብዙ የሚንዘፈዘፍ ነገር አያሳድደውም። ያን ጊዜ ከሁሉም የሠራልኝ እሱ ነው። ባልሳ በመሆኑ ድንጋይ ላይ አልወረውረውም። የጀልባ ማቆሚያ ምሰሶዎች አካባቢና አፈር የሆነ ዳር ላይ ነው የምጠቀምበት።

ሣር ላይ ሁለቱም ዋጋ የላቸውም። ሃይድሪላ የሚባለው የውሃ ሣር ባለበት ስኩዌርቢል ብትወረውሩ ሰላጣ ሰብስባችሁ ትመለሳላችሁ። እዚያ የሚያስፈልገው ምላስ የሌለው፣ ሆዱ ውስጥ የሚንኳኩ ትናንሽ ኳሶች ያሉት ነው። የእኔ ራትልትራፕ ነው። ይሄኛው አይንሳፈፍም፣ ይሰምጣል። የሣሩን አናት እየነካ እንዲያልፍ ጠቅልሉ። ሲይዘው በአንድ ምት አላቁት። ባስ ብዙ ጊዜ የሚመታው ተላቅቆ በሚወረወርበት ቅጽበት ነው። እንጨት ላይ አትጎትቱ ያልኩት እዚህ አይሠራም፤ ሣር ላይ መንጠቅ ነው። ስለ ቀለምም አንድ ነገር ልመን፦ የቅዝቃዜው ወቅት ሲያልቅ ቀይ ራትልትራፕ የቴክሳስ ሰው ሁሉ የሚምልበት ነው፣ እኔም አብሬ እምላለሁ። በዚያ ወቅት ባስ ክሮፊሽ የሚባለውን ሸርጣን መሳይ የውሃ እንስሳ ስለሚበላ ነው ይባላል። በተረፈ ውሃው ሲደፈርስ ደማቅ፣ ሲጠራ ፈዘዝ ያለ ሻድ መሳይ፣ አለቀ።

ስለ ሌክ ፎርክ ካነሳሁ አይቀር፣ ርዝመቱ ከ16 እስከ 24 ኢንች የሆነ ባስ እዚያ መውሰድ አይቻልም፤ ወደ ውሃው ይመለሳል። የቴክሳስ ትልቁ ባስ የተያዘው በ1992 እዚሁ ነው፣ 18.18 ፓውንድ። የያዘው ሰው በዕለቱ የሚፈልገው ክራፒ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ነበር፤ የተጠቀመውም ሕይወት ያለው ትንሽ ዓሣ ነው። ክራንክቤይት ለሚሰበስብ እንደኔ ያለ ሰው የማይዋጥ ታሪክ ነው። እኔ ሕጉ የሚፈቅደውንም እለቃለሁ። በጾም ሰሞን ይሄን የሰሙ ጓደኞቼ «ታዲያ ምን ልትሠራ ትሄዳለህ?» ይሉኛል። ከእነሱ ጋር መከራከር ትቻለሁ።

ጥንካሬን በተመለከተ፣ ስኩዌርቢሉ ቀለሙ ተልጦ ግማሽ ነጭ ሆኗል፣ ግን እንደ ድሮው ይይዛል። የተበላሸብኝ በርካሽ የገዛሁት፣ ብዙ በአንድ ሳጥን የሚመጣው ነው። ስሙን ተዉት። ሲጠቀለል ወደ አንድ ጎን እየጋደለ ይሮጣል። ውድ የሆነውም ከብዙ ግጭት በኋላ እንዲህ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ማታለያው እናንተን እንዲያይ አድርጋችሁ ያዙት። ወደ እናንተ ሲመጣ ወደ ቀኛችሁ ከሄደ፣ ክሩ የሚታሰርባትን ቀለበት በፒንሳ በጣም ትንሽ ወደ ግራችሁ እጠፏት። ፀጉር ታህል ይበቃል። ወርውራችሁ እዩት፣ ካልተስተካከለ ድገሙት። የሳጥኑ ዕቃ ግን ስንት ጊዜ ባጥፈውም እምቢ ብሏል።

ስገዛቸው ዋጋቸው ከ7 እስከ 10 ዶላር ገደማ ነበር። ከጀልባ ስወረውር ከእንጨት ላይ ለማስለቀቅ ጫፉ ከባድ የሆነ ገመድ ያለው ማስለቀቂያ እይዛለሁ፣ ዋጋውን በአንድ ወር መልሷል። ከዳር ሆናችሁ ከጠፋባችሁ ግን ጠፋ ነው።

አራተኛም ገዝቼ ነበር፣ ምላሱ እንደ ማንኪያ የረዘመ፣ 15 ጫማ እና ከዚያ በላይ የሚወርድ። ለጀልባና ለጥልቅ ውሃ ነው። ቀኑን ሙሉ መጠቅለሉ ክንድ ያዝላል፣ ከዳር ከተወረወረ ደግሞ ወዲያው ጭቃ ውስጥ አፍንጫውን ይቀብራል። ጀልባ ያለው ሰው ከፈለገ ይውሰደው፣ ከነካርቶኑ አለ።