ፈጣን ራም የሚሸከም ርካሽ አነስተኛ ማዘርቦርድ፦ አምስት ምርጫዎች ጎን ለጎን

የማዘርቦርድ ካርቶን ላይ «እስከ 7200» ወይም «8000+» የሚል የራም ፍጥነት ቁጥር (በሰከንድ ሚሊዮን ዝውውር) ይታተማል። ያ ቁጥር አምራቹ በተመረጠ ፕሮሰሰርና በተመረጠ ራም የደረሰበት ጣሪያ እንጂ እርስዎ ቤት የሚያገኙት ፍጥነት አይደለም። እርስዎ የሚያገኙትን የሚወስነው በመጀመሪያ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የሜሞሪ መቆጣጠሪያ ነው። ቀጥሎ ቺፕሴቱ (የቦርዱን ክፍሎች የሚያገናኘው ቺፕ) ራሙ ከይፋዊ ፍጥነቱ አልፎ እንዲሄድ ይፈቅዳል ወይ የሚለው ይመጣል። ብዙ ገዢ የማይጠይቀው ደግሞ የራም ስሎቱ ስንት ነው የሚለውን ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ ቦርድ ቢበዛ 24.4 በ24.4 ሴንቲሜትር ሲሆን ሚኒ አይቲኤክስ 17 በ17 ነው። ሚኒው ያምራል፤ ነገር ግን በተመሳሳይ ቺፕሴት ዋጋው በግልጽ ይበልጣል። ኬዙ አስቀድሞ ተገዝቶ ሌላ የማያስገባ ካልሆነ በቀር በጀት ለጠበበት ሰው ማይክሮ ኤቲኤክስ ይበቃዋል። ግድ ሚኒ ከሆነ ጊጋባይት ኤ620አይ ኤኤክስን ወይም አዝሮክ ኤ620አይ ላይትኒንግ ዋይፋይን ይመልከቱ።

| ቦርድ | ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) | የራም ስሎት ብዛትና የራም ትውልድ | የኤም.2 (የኤስኤስዲ) ስሎት |
|---|---|---|---|
| አዝሮክ ቢ650ኤም-ኤችዲቪ/ኤም.2 | ኤኤም5 | 2፣ ዲዲአር5 | 2 |
| ጊጋባይት ቢ650ኤም ዲኤስ3ኤች | ኤኤም5 | 4፣ ዲዲአር5 | 2 |
| አሱስ ፕራይም ኤ620ኤም-ኬ | ኤኤም5 | 2፣ ዲዲአር5 | 1 |
| ጊጋባይት ቢ760ኤም ዲኤስ3ኤች ዲዲአር4 | ኤልጂኤ1700 | 4፣ ዲዲአር4 | 2 |
| ኤምኤስአይ ቢ550ኤም ፕሮ-ቪዲኤች ዋይፋይ | ኤኤም4 | 4፣ ዲዲአር4 | 2 |

ሁለት ስሎት ወይስ አራት

አዲስ ኮምፒውተር ከባዶ ለሚገጥም ሰው የእኛ ምርጫ አዝሮክ ቢ650ኤም-ኤችዲቪ/ኤም.2 ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ስሎት ብቻ ስላለው። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል። ባለአራት ስሎት ቦርድ ላይ ሁለት ፍሬ ራም ብቻ ቢሰካም ወደ ባዶዎቹ ስሎቶች የሚሄደው መስመር እዚያው ይቀራል። ፍጥነቱ ሲጨምር ሲግናሉ እዚያ ደርሶ ይመለስና ዋናውን ይረብሻል። ባለሁለት ስሎት ቦርድ ይህ ጣጣ የለበትም፣ መስመሩም አጭር ነው።

አራቱንም ስሎት መሙላት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ኤኤምዲ ለራይዘን 7000 ያወጣው ይፋዊ ፍጥነት በሁለት ፍሬ 5200 ሲሆን በአራት ፍሬ ወደ 3600 ይወርዳል። ስለዚህ «አሁን ሁለት ልግዛ፣ በኋላ ሁለት እጨምራለሁ» የሚለው ሐሳብ በዲዲአር4 ዘመን ያዋጣ ነበር፤ በዲዲአር5 ግን ለፈጣን ራም የከፈሉትን ገንዘብ ያስበላል። 32 ጊጋባይት የሚያስፈልግዎ ከሆነ ከመጀመሪያው ባለ16 ሁለት ፍሬ በአንድ ማሸጊያ ይግዙ።

ጊጋባይት ቢ650ኤም ዲኤስ3ኤች መጥፎ ቦርድ አይደለም። 2.5 ጊጋቢት የኔትወርክ መሰኪያ አለው፤ ከፍጥነት ይልቅ ብዙ ሜሞሪ ለሚፈልግ፣ ለምሳሌ በርካታ ቨርቹዋል ማሽን ለሚያስነሳ ሰው አራቱ ስሎት ይጠቅመዋል። በሁለት ፍሬ 6000 ላይ ለመሥራትም የሚቸገር አይደለም።

አሱስ ፕራይም ኤ620ኤም-ኬ ከሦስቱ የኤኤም5 ቦርዶች ቀላሉ ነው። ቺፕሴቱ ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ ማድረግ (ከይፋዊ ፍጥነቱ በላይ ማስኬድ) ይከለክላል፤ ራሙን ግን በኤክስፖ (ራሙ በተሸጠበት ፍጥነት እንዲሠራ በሚያደርግ የቦርድ ቅንብር) ማፍጠን ይፈቅዳል። ራይዘን 5 7600ን ለመሰለ 65 ዋት ፕሮሰሰር ይበቃል። ባለ12 ወይም ባለ16 ኮር ፕሮሰሰር ግን አይስኩበት፤ የኃይል ክፍሉ ለዚያ የተሠራ አይደለም። የኤም.2 ስሎቱም አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለተኛ ኤስኤስዲ ቢያስፈልግ ባለሳታ (በገመድ የሚገናኝ) መግዛት የግድ ይሆናል።

ዲዲአር4 በእጁ ላለ ሰው

እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ወዲህ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ ንሯል። ጥሩ ዲዲአር4 ራም ያለው ሰው እሱን ጥሎ ወደ ዲዲአር5 ከመሄዱ በፊት ሂሳቡን ደግሞ ይሥራ። ለእንዲህ ያለው ገዢ ከራይዘን 5 5600 ጋር ቢ550ኤም ፕሮ-ቪዲኤች ዋይፋይ አሁንም ያዋጣል። በዚህ ፕሮሰሰር 3600 ላይ የራሙና የፕሮሰሰሩ የውስጥ መስመር ፍጥነት እኩል ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ብዙ መግፋት ትርፉ ትንሽ ነው።

የኢንቴሉ ቢ760ኤም ዲኤስ3ኤች ዲዲአር4 ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቺፕሴቱ ኤክስኤምፒን (የኤክስፖን የኢንቴል አቻ) ይፈቅዳል። ሆኖም ስማቸው መጨረሻ ላይ «ኬ» የሌላቸው እንደ አይ5-12400 ያሉ ፕሮሰሰሮች የሜሞሪ መቆጣጠሪያቸው ቮልቴጅ የተቆለፈ ነው። በዚህ የተነሳ 3600 ራም በሙሉ ፍጥነት አልነሳ ሊል ይችላል፤ ያኔ ሰው ሁሉ ራሙን ይጠረጥራል። ለእነዚህ ፕሮሰሰሮች 3200 ሲኤል16 (ሲኤል የራሙ የመዘግየት ቁጥር ነው) ገዝቶ ማረፍ ይሻላል። ደግሞም ይኸው ቦርድ ያለ «ዲዲአር4» ቅጥያ ሲሸጥ ዲዲአር5 የሚቀበል ሌላ ቦርድ ነው። የሁለቱ ራም መቁረጫ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም፤ ካርቶኑን እስከ መጨረሻው ፊደል ያንብቡ።

የኢንቴልን ኤች610 ቺፕሴት ከዝርዝራችን ያስወጣነው ሆን ብለን ነው። ዋጋው ይማርካል፣ ራሙን ግን ከይፋዊ ፍጥነት አያሳልፍም። 3600 ዲዲአር4 ቢሰኩበትም ከ3200 አይዘልም። ለቢሮ ሥራ ይሁን፤ ፈጣን ራም ገዝቶ እዚያ ላይ መሰካት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

የትኛው ራም

በኤኤም5 ላይ 6000 ሲኤል30 ይፈልጉ። ከ6400 ገደማ በላይ የፕሮሰሰሩ መቆጣጠሪያ በራሙ ግማሽ ፍጥነት ወደ መሥራት ስለሚወርድ 7200 ከፍለው ከ6000 ያነሰ ውጤት የሚያገኙበት ጊዜ አለ። የሲኤል ቁጥሩን ችላ አይበሉ፦ ሲኤሉን በ2000 አባዝተው ለፍጥነቱ ሲያካፍሉ መዘግየቱን በናኖሰከንድ ያገኛሉ። 6000 ሲኤል30 እና 3200 ሲኤል16 ሁለቱም 10 ናቸው፤ 6000 ሲኤል40 ግን 13.3 ነው።

ፈጣን ራም ከሁሉም በላይ የሚክሰው ግራፊክስ ካርድ ለማይገዛ ሰው ነው። እንደ ራይዘን 5 8600ጂ ያለ ፕሮሰሰር የራሱን ግራፊክስ የሚመግበው ከዋናው ራም ነው። ሁለት ፍሬ ዲዲአር4 3200 በቲዎሪ በሰከንድ 51.2 ጊጋባይት ሲያመላልስ ዲዲአር5 6000 ደግሞ 96 ያመላልሳል። አንድ ፍሬ ብቻ ከሰኩ ይህ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጨዋታም እዚያው ይንቀራፈፋል። በአንጻሩ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ላለውና በ4ኬ ለሚጫወት ሰው በ5600 እና በ6000 መካከል ያለው ልዩነት እምብዛም አይታይም።

ሲገጠም የሚያጋጥመው

ባለአራት ስሎት ቦርድ ላይ ሁለቱ ፍሬ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ስሎት ላይ ይሰካሉ። አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ከገቡ ኮምፒውተሩ ሊነሳ ይችላል፣ ኤክስፖ ሲበራ ግን ይወላገዳል።

ኤኤም5 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨለማ ሆኖ ይቆያል። ቦርዱ ራሙን እየለካ ነውና በመሃል አያጥፉት፤ እስከ አስር ደቂቃ ይታገሱ። ጤነኛ ቦርድ «ሞቷል» ተብሎ ወደ ሻጭ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሲነሳ ዲሊት ቁልፍን ተጭነው ባዮስ (የቦርዱ የራሱ ቅንብር ያለበት ፕሮግራም) ይግቡ። በመጀመሪያ ባዮሱን ያድሱ፤ ፍላሹ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ይሁን፣ ኮምፒውተሩም በዩፒኤስ ላይ ይሁን፤ መብራት በመሃል ከሄደ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 አንዳንድ የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች በቮልቴጅ ብዛት ከተቃጠሉ በኋላ የወጡት ባዮሶች የሶክ ቮልቴጁን (የሜሞሪ መቆጣጠሪያው የሚያገኘውን) በ1.3 ቮልት ገድበውታል፤ ከዚያ በፊት በወጣ ባዮስ ላይ ኤክስፖ አያብሩ።

ከዚያ ኤክስፖን አብርተው ያስቀምጡና እንደገና ይታገሱ። ዊንዶውስ ሲገቡ ታስክ ማናጀር ውስጥ የሜሞሪ ገጹ 6000 ማሳየቱን ይመልከቱ፤ 4800 ካሳየ ኤክስፖ አልያዘም ማለት ነው። በሜምቴስት86 (የራም መፈተሻ ፕሮግራም) ይፈትሹ፤ አንድም ስህተት ቢወጣ ወደ 5800 ወይም 5600 ዝቅ ያድርጉ። ጨርሶ ካልነሳ ገመዱን ነቅለው ሳንቲም የምትመስለውን ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ያውጡ፤ ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመለሳል።

መብራት በሚመላለስበት ሰፈር አንድ ተጨማሪ ቅንብር አለ፦ ሜሞሪ ኮንቴክስት ሪስቶር። ሲበራ ቦርዱ ያለፈውን ልኬት ስለሚያስታውስ በየመነሻው አያስጠብቅም። ካበሩት በኋላ ኮምፒውተሩ ያለምክንያት መቆም ከጀመረ መልሰው ያጥፉት፤ መነሻው ይረዝማል እንጂ ራሙ ይረጋጋል።

ቦርዱ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሰው የሚመጣ ከሆነ ዋስትናው በአብዛኛው በተገዛበት አገር ይቀራልና ተረካቢው እዚያው ሳለ እንዲፈትሽልዎ ይጠይቁ። በኤኤም5 እና በኤልጂኤ1700 እንደ ፀጉር የቀጠኑት ፒኖች ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ ነው። የሶኬቱን ሽፋን ከፍቶ በስልክ መብራት ከጎን ቢያይ የተጣመመ ፒን ይለያል። ሽፋኑን መልሶ ይግጠመው፤ ያለሽፋኑ በሻንጣ የተጓዘ ቦርድ ፒኑ ተጣሞ ቢደርስ ሻጭ አይቀበልም።