ባዶውን ምሳ ዕቃ ላየችልን እህታችን

የደሴ ሰዎች፣ እንደምን ከረማችሁ? ይህን የምጽፈው አንዲት የቀበሌ ሠራተኛ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ፣ ለማመስገን ነው። የቀበሌ ሠራተኛ ሲመሰገን ሰምታችሁ የማታውቁ ብዙ ትሆናላችሁ፤ እኔም እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ ከእናንተው አንዱ ነበርኩ። ከሰኞ ገበያ ወደ ላይ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በረንዳ ላይ ልብስ ስሰፋ 22 ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ ቀበሌ ደግ ነገር ተናግሬ ከሆነ ቀልድ መሆን አለበት።

ስሟን አልጽፍም። «ስሜን ከጻፉ ቦርሳዬን ሌላ ሰፊ ጋር ነው የማሰፋው» ብላኛለች። ታሪካቸውን የምነግራችሁ ጎረቤቴ እማማም «ምሳ ዕቃውን ጻፈው፤ ስሜን ግን ተወው» ብለው ፈቅደውልኛል። ስለዚህ እሷን «እህታችን»፣ እርሳቸውን «እማማ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በቦርሳ ነው። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ብርዱ ከጦሳ ተራራ እየወረደ ጣት በሚያደነዝዝበት አንድ ጠዋት፣ ዚፑ የፈነዳ ጥቁር ቦርሳ ይዛ መጣች። ቦርሳው በወረቀት ብዛት ሆዱ ተነፍቶ ነበር። እኔ ዚፑን ስፈታ እሷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። በዚህ መሀል የእማማ የልጅ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ እንደ ልማዱ እኔ ዘንድ ጎራ አለ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ክር ያለቀባቸውን ጥቅሎች ለመጫወቻ መኪናው ጎማ ያደርጋቸዋል። እሱ ጥቅል ሲመርጥ ምሳ ዕቃውን ያዘችለት። ልጁ ከሄደ በኋላ ትንሽ ዝም አለችና፦

«ጋሼ፣ ይህ ልጅ ምሳውን የሚበላው የት ነው?»

«ትምህርት ቤት ነዋ። ምሳ ዕቃ መያዙን አላየሽም?»

«መያዙንስ ይዟል፤ ውስጡ ግን ምንም የለም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አይቼዋለሁ። ደንበኛ ገና ከመንገድ ሲመጣ የወገቡን ልክ ሳልለካ የምናገር ሰው፣ ባዶ ምሳ ዕቃ ከሙሉው መለየት አቅቶኝ ኖሬያለሁ። ልጁ እንዳይታወቅበት ይዞ ይወጣል፣ ይዞ ይመለሳል።

እማማ ከበረንዳዬ ጀርባ፣ አምስተኛው በር ላይ በቀበሌ ቤት ይኖራሉ። ለሱቆች እንጀራ እየጋገሩ፣ በቀረው ጊዜ ጥጥ እየፈተሉ ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ሲመጣ ምጣዱ እጃቸውን አቃጠላቸው፤ መጋገሩን ተዉት። እኛ ጎረቤቶች ምን አደረግን? መጀመሪያ ሰሞን ሳህን እንልክ ነበር። በእኛ አገር ደግሞ ሳህን ባዶውን አይመለስም። እማማ ሳህኑን የሚመልሱበት ነገር ፍለጋ ከሱቅ በዱቤ ስኳር ይወስዱ እንደነበር የሰማሁት ዘግይቼ ነው። አንድ ሁለት ሰው «እርሳቸውን ማስቸገር ሆነ» ብሎ መላኩን ተወ፤ ሌላውም ተከተለ። ማንም ሳይከፋ፣ ማንም ሳይጨክን፣ ሴትዮዋ በመካከላችን ተራቡ።

እህታችን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄደች። ቅጽ እንደምታስሞላ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ቡና ቆልታ አፈላች፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱንም ተቀምጣ ጠጣች፤ ከቦርሳዋ አንዲት ወረቀት ሳታወጣ ሄደች። ሥራ የፈታች መስሎኝ እንደ ታማኝ ሐሜተኛ ለባለቤቴ ተናገርኩ። በኋላ ራሷን ስጠይቃት «ሰው ወረቀት ካየ ወይ ችግሩን ያሳንሳል፣ ወይ ያገንናል፤ ቡና ላይ ግን ልኩን ይናገራል» አለችኝ። ቅጹ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው።

የመጀመሪያው እንቅፋት መታወቂያ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ እማማ ልጁን አዝለው በእግራቸው ወደ ገጠር ዘመዶቻቸው ሸሽተው ነበር። ሲመለሱ መታወቂያው በመንገድ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት «መታወቂያ ለማውጣት የድሮውን መታወቂያ ያምጡ» እየተባሉ ሦስት ጊዜ ተመልሰዋል። በአራተኛው አልሄዱም። ማን ይሄዳል? እህታችን ሦስት ምስክር አቁማ ጨረሰችው፤ አንዱ ምስክር እኔ ነኝ። እጃቸውን ይዛ ፋይዳ የሚባለው የብሔራዊ መታወቂያ ምዝገባ ድረስም ሄዳለች። ማሽኑ የአሥር ጣት አሻራና የሁለት ዓይን ምስል ይፈልጋል፤ የእማማ ጣቶች ደግሞ በእንዝርትና በምጣድ አልቀው ልሙጥ ሆነዋል፣ ዓይናቸውም ያው ነው። መዝጋቢው ልጅ «አላነበበም» ሲል «ማሽኑ ካላነበባቸው የሉም ማለት ነው?» ብላ እንደ ሙግተኛ ቆመች። አሻራው እምቢ ላለ ሰው የሚመዘገብበት አሠራር አለና በዚያ ተመዘገቡ።

ሁለተኛው የጤና መድን ነው። እዚህ ላይ የራሴን ድንቁርና ላጋልጥ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር በመላ አገሪቱ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ እዚሁ አጠገባችን ያለው ተሁለደሬ ነው። ሐይቅ ዓሣ ልበላ ስሄድ የማልፍበት አገር ማለት ነው። እኔ ግን መድኑ የገበሬ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ በከተማም ደመወዝተኛ ላልሆነ ሰው ሁሉ ነው፤ ከፍሎ መታከም ለማይችል ደግሞ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል። ማን እንደሚገባ የሚለየው በአካባቢው ነዋሪ ነው። ስለዚህ ሰው ስሙን ካላነሳለት፣ ዝም ያለ ድሀ ከዝርዝር ይቀራል። የእማማን ስም ያነሳችው እህታችን ናት። እኛ የምናውቃቸው ሰዎች በስብሰባው ላይ አልነበርንም።

በመድን ሲታከሙ ዘልሎ ሆስፒታል መሄድ የለም፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ የሪፈር ወረቀት ነው። ያንን ይዘው ቦሩ ሜዳ ሄዱ። ድሮ በሥጋ ደዌ ሕክምና ስሙ የሚነሣው ያ ሆስፒታል ለዓይንም አገር የሚጎርፍበት ነው። አንደኛው ዓይን ተሠራ። ፋሻው በተነሣ በማግስቱ ቤታቸው ገብተው ግድግዳውን ዙሪያውን አዩና «ይህን ሁሉ ጥቀርሻ ተሸክሜ ስቀመጥ አንድ እንኳ የሚነግረኝ ጎረቤት የለኝም?» ብለው ተቆጡን። እንኳን አደረሰዎ ልንል የሄድን ሰዎች መጥረጊያ ይዘን ዋልን።

ሦስተኛው አልተሳካም፤ ያልሆነውን ሆነ ብዬ አልዋሽም። ደሴ በ2009 ዓ.ም. የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። እኛ ሴፍቲኔት ሲባል የሚታየን መንገድ የሚጠርጉትና ቦይ የሚያጸዱት ናቸው። ነገር ግን መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ የሚሰጥ ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ክፍልም አለው። እማማ ለዚህ የሚመጥኑ ይመስለኛል። እህታችን ግን «አሁን ቦታው ሞልቷል፤ ስምዎን አስይዣለሁ፤ መቼ እንደሚከፈት ግን አላውቅም» ብላ ፊት ለፊት ነገረቻቸው። ነገ ዛሬ እያሉ ከሚያንከራትቱ አሥር ሰዎች ይህችን አንዲት «አላውቅም» እመርጣለሁ። አሁንም እየጠበቁ ነው።

ወደ ቅሬያችን፣ ሌላው አገር እድር ወደሚለው ማኅበራችን፣ የመጣችው ለዚህ ነው። እሑድ በስብሰባችን መሀል ተነሥታ «እማማ ቢሞቱ ቅሬው ስንት ያወጣል?» ብላ ጠየቀች። ቤቱ ታወከ። «ሟርት ነው!» ያለ አለ፤ አንዲት ሴትዮ ሦስት ጊዜ አማተበች፤ ከጎኗ የተቀመጡት ሼህ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ ግን መልስ ሳታገኝ አልቀመጥ አለች። ሰብሳቢያችን ብዕር አንሥቶ ድንኳኑን፣ ንፍሮውን፣ የለቅሶ ተቀማጩን እንጀራ፣ ለቤተሰብ የሚሰጠውን እየጠራ ደመረ። ድምሩን ጮክ ብሎ አላነበበውም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «እሺ፣ ምን እናድርግ?» አለ።

የእሷ መልስ «ሳህን አትላኩ» የሚል ነበር። በየቤቱ አሥር ብር በወር እንድንጨምርና ገንዘቡ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ገብቶ፣ መሥራት ያቃተው ማንኛውም አባል የሚያገኘው እንዲሆን ሐሳብ አቀረበች። የማኅበረሰብ ድጋፍና ክብካቤ ጥምረት የሚባለው፣ ነዋሪው ተባብሮ ችግረኞቹን የሚደግፍበት ሥራ በሌሎች ሰፈሮች ከቅሬዎች ጋር እንዴት እንደሚሄድም አስረዳችን። ከሁለት ሰዎች በቀር ሁሉም እጁን አወጣ። አንደኛው በሳምንቱ ከፈለ፤ ሌላኛው እስከ ዛሬ ይከራከራል፤ ይከራከር።

እማማ እምቢ ይላሉ ብለን ፈርተን ነበር። ገንዘቡን ሊሰጥ የሄደው ጸሐፊያችን ምጽዋት እንዳይመስልባቸው ቃል እየመረጠ ሲንተባተብ፣ እርሳቸው ደብተሩን አስከፍተው ስማቸው ያለበትን መስመር አስነበቡት። «የሠላሳ ዓመት መዋጮዬ ነው፤ ምን ያንተባትብሃል?» አሉት። ተቀብለው ቆጠሩት። ልጁ አሁን ምሳ ዕቃውን ሲይዝ ወደ አንድ ጎኑ ያዘነብላል። ክብደቱን እንኳ እኔ ማየት ጀምሬያለሁ።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይህ ነው። በደጃፋችሁ አቅመ ደካማ፣ አሳዳጊ ያጣ ልጅ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ተፈናቅሎ መጥቶ ዘመድ የሌለው ሰው ካለ፣ ቀበሌ ሄዳችሁ የመታወቂያው ሰልፍ ላይ አትቁሙ፤ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዋን ወይም ባለሙያውን ጠይቁ። እኔ ለ22 ዓመት ያ ክፍል መኖሩን አላውቅም ነበር። መታወቂያ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሌለም አትቅሩ፤ አለመኖሩ ራሱ የሚነገር ችግር ነው። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ መሄድ ካልቻሉ እናንተ ሄዳችሁ ተናገሩ፤ ቤት ድረስ ይመጣሉ። ለዚህ አገልግሎት ገንዘብ አይከፈልም፤ ክፈሉ የሚላችሁ ካለ ሌላ ሰው ነው። የጤና መድን ምዝገባና እድሳት በየዓመቱ ወቅት ስላለው ከወዲሁ ጠይቁ።

በእኛ ሰፈር ያላችሁ ደግሞ እህታችንን ለማግኘት ከጠዋቱ ይልቅ ከሰዓት በኋላ ሞክሩ፤ ጠዋት ዳገት ላይ ናት፣ ስልክም አታነሣም። ቀጠሮ ላይ ትዘገያለች። ንግግሯ ያለ ቅቤ ነው፤ እኔን አንድ ቀን «ጋሼ፣ እርስዎ ሰው የሚያዩት ከአንገት በታች ነው» ብላኛለች፤ ለሰፊ እንዲህ ይባላል? ይህን ሁሉ የምነግራችሁ መጀመሪያ ስታገኟት እንዳትቀየሟት ነው። ተስፋ የቆረጠ ሰው ፊት ግን ሌላ ሰው ናት። እማማን ከቀዶ ሕክምናው በፊት «አብሽሩ» ስትላቸው ሰምቻለሁ፤ እኔ ራሴ ልታከም የመጣሁ እስኪመስለኝ አበረታኝ።

አንድ ነገር ልለምን። የምትሸፍነው ሰፈር ብዙ ነው፤ የምትሄደውም በእግሯ ነው። ባጃጅ ያላችሁ ልጆች በዝናብ ጊዜ ጦሳ ሥር ጥቁር ቦርሳ የያዘች ሴት ስታዩ አልፋችኋት አትሂዱ። ሒሳቡን ትከፍላለች፤ በነፃ አልሄድም ብላ እንደምትከራከር ግን ከወዲሁ እወቁ። ከእኔ ጋርም በዚያ የመጀመሪያ ቀን በዚፑ ሒሳብ ተከራክረን አሸንፋኛለች፤ 50 ብሯን ከማሽኑ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ባለፈው ማክሰኞ ያው ቦርሳ ተመልሶ መጥቷል። ዚፑ ሳይሆን አሁን ስፌቱ ነው የተተረተረው፤ ወረቀቱ ጨምሯል። በድርብ ክር ሰፍቼዋለሁ፤ ከታችም ቆዳ ደርቤበታለሁ። ነገ ከሰዓት በኋላ ልትወስደው ትመጣለች፤ ሒሳቡ ላይ የምንጨቃጨቅበትን መልስ ከአሁኑ እያዘጋጀሁ ነው።