«የሚስተካከል» የተባለውን የቁርጭምጭሚት ድጋፍ በእግራችሁ ሳትሞክሩ ገንዘብ አትክፈሉ

ከእግር ስብራት ወይም ከከባድ ወለምታ በማገገም ላይ ያላችሁ፣ እንዲሁም እንዲህ ያለ ታማሚ በቤታችሁ የምታስታምሙ ሁሉ፣ በስልክ ታዝዞ በሞተር ሳይክል እቤት ድረስ ስለሚመጣው «የሚስተካከል የቁርጭምጭሚት ድጋፍ» የደረሰብኝን ብታውቁት ይጠቅማችኋል ብዬ ይህን ጽፌያለሁ። የሻጩን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ ዕቃ በብዙዎች እጅ ስለሚዞር ዕቃውን ለይቶ ማወቁ ይበልጣል።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት ዝናብ ያራሰው ኮብልስቶን አንሸራቶኝ የቀኝ ቁርጭምጭሚቴ የውጭው አጥንት ተሰነጠቀ። ስድስት ሳምንት በጄሶ ከቆየሁ በኋላ ሐኪሙ ክራንቹን ቀስ በቀስ እንድተውና ግራና ቀኙ ጠንካራ የሆነ ድጋፍ ከጫማ ጋር እንዳደርግ አዘዘኝ። በታክሲ ተጋፍቼ መሀል ከተማ መውጣት ስለማልችል በስልክ አዘዝኩ። ሻጩ ዕቃው ለማንኛውም እግር እንደሚሆን፣ በሁለቱም ጎን ብረት እንዳለው፣ «ካልተስማማዎትም እንቀይራለን» ብሎ አረጋገጠልኝ። ላደረሰልኝ ልጅ 2,800 ብር በቴሌብር ከፈልኩ፤ ደረሰኝ ስጠይቀው «ጋሼ፣ እሱን ቢሮ ነው የሚሰጡት» አለኝ፤ ቆሜ ለመከራከር አቅም ስላልነበረኝ ተውኩት።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ደረጃ ስወርድ ሦስተኛው ፎቅ ጋ ስደርስ ማሰሪያው ቸር ብሎ ተላቀቀና እግሬ ወደ ውስጥ ታጠፈ። የደረጃውን ብረት ይዤ ባልሆን ኖሮ አጥንቱ እንደገና ይሰበር ነበር። ማታ መብራት አጠገብ ተቀምጬ ሳየው የቬልክሮው (ተጣባቂው ማሰሪያ) ለስላሳ ወገን ፀጉሩ ተነቅሎ ገጥጧል፣ ሻካራው ወገን ደግሞ የካልሲ ክር ሞልቶበታል። የጎኑን ስፌት በምላጭ ስፈታው «ብረት» የተባለው ነገር የተማሪ ማስመሪያ የሚያህል ስስ ፕላስቲክ ሆኖ አገኘሁት፤ በሁለት ጣቴ ስጫነው መሀሉ ነጣ፣ እንደታጠፈም ቀረ።

ነገሩ የገንዘብ ኪሳራ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አላሳስባችሁም ነበር። አብዛኛው ወለምታ የሚደርሰው መርገጫችን ወደ ውስጥ ሲገለበጥና የውጪው ጅማት ከአቅሙ በላይ ሲለጠጥ ነው። የድጋፉ ሥራም እግር ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንቀሳቀስ እየፈቀደ ይህን ወደ ጎን መገልበጥ መግታት ነው። እንደ ካልሲ የሚጠለቀው ላስቲክ ሙቀትና የመታቀፍ ስሜት ይሰጣል እንጂ ግልበጣውን አይዝም። የማይዘውን ይይዛል ብሎ የሚያምን ሰው ደግሞ ያለ ድጋፍ ቢሆን ኖሮ ፈርቶ የሚተወውን እርምጃ ደፍሮ ይራመዳል፤ እኔም ያን ዕለት ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ከሁለት ጎረቤቶቼ ሌሎች ድጋፎችን ተውሼ፣ ፊዚዮቴራፒ የምትሠራልኝ ባለሙያ ባለችበት ሞከርኳቸው። አንዱ በክር የሚታሰርና ጠፍሩ ተረከዝ ዙሪያ ተጠማዝዞ የሚያልፍ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ሁለት ጠንካራ የፕላስቲክ ቅርፊቶች ከተረከዝ ሥር የተያያዙበት ነው። ተቀምጬ እግሬን በማንጠልጠል መርገጫዬን በእጇ በቀስታ ወደ ውስጥ ስትገፋው ሁለቱም በግልጽ ተቋቋሟት፤ የእኔው ግን አብሮ ዞረ። በክር የሚታሰረው ከሁሉ የተሻለ ያዘኝ፣ ምንም እንኳ ማሰሩ ጊዜ ቢወስድ። ባለ ቅርፊቱ ጠባብ ጫማዬ ውስጥ አልገባም፤ ስለዚህ ስትሞክሩ የምትራመዱበትን ጫማ አድርጉ። እግር አመሻሹ ላይ ስለሚያብጥም ሙከራውን ማታ አድርጉት። ድጋፉን ካሰራችሁ በኋላ የእግር አውራ ጣታችሁን ጥፍር ተጭናችሁ ልቀቁ፤ የነጣው ቀለም በሁለት ሴኮንድ ገደማ ካልተመለሰ፣ ወይም ጣታችሁ ከደነዘዘ፣ ጠብቋልና ላላ አድርጉት። የጫማ ቁጥር ወይም የቁርጭምጭሚት ዙሪያ ልኬት ሳይጠይቅ «ለሁሉም ይሆናል» የሚል ሻጭን አትመኑ። ቬልክሮውንም እዚያው ሃያ ጊዜ ያህል እየከፈታችሁ ዝጉት።

በስድስተኛው ቀን ስደውል ሻጩ መጀመሪያ «ታጥቦ ነው» አለ፣ ቀጥሎም ስልኩን ማንሳት አቆመ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፤ ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። እኔ ግን በእጄ ያለው የክፍያው መልእክት ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቃውን ያመጣላችሁ ልጅ ሙከራችሁን እስክትጨርሱ ይጠብቅ፣ ደረሰኙም ከዕቃው ጋር ካልመጣ መልሱት።

የፈታሁት ድጋፍና ከውስጡ የወጣው ፕላስቲክ ቤቴ ተቀምጧል። እዚሁ ኮዬ ፈጬ የምትኖሩ፣ ልትገዙ ያሰባችሁትን ይዛችሁ ብትመጡ ጎን ለጎን አድርገን እናየዋለን።