ጆሮ ላይ የሚደረገው የእንቅልፍ መሣሪያ፦ ከ6 ሳምንት በኋላ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጣሪያ እያዩ ማንጋትን የቀመሰው ያውቀዋል። እዚህ አሜሪካ ሐኪሜ ያዘዘችልኝ ይህ መሣሪያ ጉትቻ የሚንጠለጠልበትን የጆሮ ክፍል ቆንጥጦ ይይዝና በጣም ደካማ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ቀዶ ጥገና የለ፣ መርፌ የለ። መጀመሪያ ነዘረኝ፣ ትንሽም አዞረኝ፣ ኃይሉን ስቀንሰው ተወኝ። በ3ኛው ሳምንት ቶሎ መተኛት ጀመርኩ፣ ሌሊት መንቃቱ ግን አሁንም አለ። ዋጋው ያማል! የሸጠኝ ድርጅት ደግሞ መመለስ እንደማይቻል የነገረኝ ከከፈልኩ በኋላ ነው፣ በጣም አናዶኛል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ማጣት የሚውሉትን ወደ መካከለኛ ስጋት ምድብ አውርዷቸዋል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ግን አይሸጡም። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመላችሁ እባካችሁ ሐኪም ሳታማክሩ እንዳትነኩት።