ታብላስ ክሪክ፦ ከወይን ጠጁ በፊት አፈሩን የሚያስጎበኝ እርሻ

ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ በ101 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን አራት ሰዓት ያህል የነዳ ሰው ፓሶ ሮብልስ ከተማ ይገባል፤ ከከተማዋ በስተምዕራብ ባሉት ኮረብታዎች መካከል ጠመዝማዛውን የአደላይዳ መንገድ ተከትሎ ሲቀጥል ደግሞ የዚህ ግምገማ ርእስ ከሆነው ታብላስ ክሪክ ይደርሳል። ከባለቤቴ ጋር የሄድነው ከጥምቀት በኋላ፣ በየካቲት መግቢያ ላይ ነበር። ስለ ወይን ጠጅ ጣዕም ብዙ የማውቅ ሰው አለመሆኔን አስቀድሜ ልናገር፤ አንዱን ቀይ ከሌላው ቀይ ለመለየት እስካሁን እቸገራለሁ። አፈርና በግ ግን አውቃለሁ፤ መንዝ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁለቱን ሳያውቅ አይቀርም። እዚያ ድረስ የወሰደኝም «ሪጀነሬቲቭ ኦርጋኒክ» የተባለውን የምስክር ወረቀት በዓለም ላይ ቀድሞ ያገኘው የወይን እርሻ በግ ያረባል ሲባል መስማቴ ነው። ቃሉን አፈርን መልሶ የሚያለማ እርሻ ብለን ብንተረጉመው ከሐሳቡ ብዙ አንርቅም፤ ገበሬው የተረከበውን መሬት ከተረከበበት ጊዜ የተሻለ አድርጎ እንዲያስረክብ የሚጠይቅ አሠራር ነውና።

እርሻውን እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረቱት፣ በደቡብ ፈረንሳይ ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ሻቶ ደ ቦካስቴል የተባለውን ስመ ጥር እርሻ የሚያስተዳድረው የፔራን ቤተሰብና አሜሪካዊው የወይን ጠጅ አስመጪ ሮበርት ሃስ ናቸው። ቦታውን ያስመረጣቸው በዋናነት የኖራ ድንጋዩ ነው። ለተከላ የተቆረጠ የወይን ቅርንጫፍ ከፈረንሳይ አስመጥተው፣ በሽታ እንዳያስገባ በኳራንቲን ለዓመታት ካቆዩት በኋላ ራሳቸው እያባዙ ተከሉት። የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት በ2003፣ የባዮዳይናሚክ በ2017፣ የሪጀነሬቲቭ ኦርጋኒክ ደግሞ በ2020 አገኙ። ባዮዳይናሚክ የሚባለው ዘዴ የላም ቀንድ ውስጥ እበት ሞልቶ መሬት ውስጥ መቅበርን ስለሚጨምር፣ ለእኔ ከግብርና ይልቅ ወደ ደብተራ ሥራ የቀረበ ይመስለኛል፤ ከሦስቱ ምስክር ወረቀቶች ልቤን ያልሳበው እሱ ብቻ ነው።

በካሊፎርኒያ ዝናቡ የሚጥለው በክረምታቸው ስለሆነ፣ እኛ አገር መስኩ በሚደርቅበት በየካቲት የፓሶ ሮብልስ ኮረብታዎች እንደ መስከረም ለምልመው ይታያሉ። ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ ጥቁር ግንዱ ብቻ ቀርቷል፤ በረድፎቹ መካከል ግን አጃ፣ አተር፣ ቬች የሚባል የአተር ዘመድ የሆነ የከብት መኖና ሌላ ሌላም አረንጓዴ ነገር እስከ ጉልበት ደርሷል። በጎቹ የነበሩት ከዚህ መካከል ነው። መንጋውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን አሁን ሁለት መቶ ገደማ ይደርሳል። በቀላሉ በሚነቀል የኤሌክትሪክ መረብ ታጥረው በአንድ ቦታ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይግጡና ወደሚቀጥለው ይዛወራሉ፤ ሣሩን እስከ ሥሩ ሳይጨርሱት ስለሚነሡ፣ የቀረው ቅጠል ፀሐይ እየሞቀ ሥሩን መልሶ ይመግባል። አጠገባችን የነበረችው እናት በግ የቬቹን ጫፍ በከንፈሯ እየመረጠች ስትቀጥፍ፣ አጃውን ትታ አተሩን ስታሳድድ ቆሜ አየኋት፤ ከኋላዋ በጠጧ እንደ ሽምብራ ረግፏል፣ ሰኮናዋም እርጥቡን መሬት እየወጋ በጠጡን ከአፈሩ ጋር ያዋህደዋል። ማዳበሪያው ተጭኖ አልመጣ፣ ትራክተር አልበተነው፤ እዚያው የበቀለው እዚያው ተመልሷል። ከመንጋው ጋር አልፓካ የሚባለው የግመል ዘመድና አህያ አብረው ይኖራሉ። አካባቢው ኮዮቴ የሚባል ቀበሮ መሰል አውሬና የተራራ አንበሳ ያለበት ስለሆነ ጠባቂ ያስፈልገዋልና፣ አህያ ጠባቂ ሆና ማየት ለእኛ ሰው ሳያስቅ አይቀርም፤ እኛ ዘንድ ጅብ የሚበላት እሷን ነዋ!

በጎቹ ከወይን ለቀማ በኋላ ገብተው፣ የወይኑ እንቡጥ ከመፈንዳቱ በፊት፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ ገደማ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ቢቆዩ የሚበሉት ሣሩን ሳይሆን የዓመቱን ምርት ነው።

ለሐበሻ ጎብኚ ከበጎቹ ይልቅ የሚከብደው ስለ ማረስ የሚሰማው ነገር ይመስለኛል። ያደግነው ደጋግሞ የሚያርስ ገበሬ ሲመሰገን፣ አረም የዋጠው ማሳ ያለው ሲታማ እየሰማን ነው፤ ለጤፍ አራትና አምስት ጊዜ ማረስ የጉብዝና ምልክት ነው። እዚህ ግን ሣር የሸፈነው መሬት የስንፍና ሳይሆን የትጋት ውጤት ነው ይሉሃል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ አፈር ሲገለበጥ በጓሎቹ ውስጥ ተደብቆ የኖረው ብስባሽ ከአየር ጋር ይገናኛል፤ ረቂቅ ተሕዋስያን ተረባርበው ይበሉታል፤ ካርቦኑም ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ለአንድ ዓመት ለተክሉ ምግብ ይለቀቅና አፈሩ የለመለመ ይመስላል፤ የተበላው ግን ከተቀማጩ ነው። በእኛ ደጋ ለገብስ አፈሩን ከምረው በኩበት የሚያቃጥሉበት፣ ጋይ የሚባለው ዘዴ ትዝ ያለኝ ይህን ስሰማ ነው። የተቃጠለው ማሳ በመጀመሪያው ዓመት ገብሱን ያንጋጋዋል፣ ቀጥሎ ይደክማል፣ ከዚያም ለብዙ ዓመት ጦም ያድራል። የማረሻው ጉዳት ቀስ ያለ ጋይ ነው ብል የተጋነነ አይሆንም። አመሻሹ ላይ ለአባዬ ደውዬ ነገሩን ሳጫውተው ግን ፈጽሞ አልተቀበለኝም፤ «ያልታረሰ መሬት ምን ብሎ ያበቅላል? ወይንስ ቢሆን የሰው እጅ አያሻውም?» ነበር መልሱ።

አባዬ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለትም አይቻልም። ታብላስ ክሪክ አብዛኛውን ተክል በተቻለ መጠን ያለ መስኖ፣ በዝናብ ውኃ ብቻ ለማሳደግ የሚጥር እርሻ ነው፤ በተለይ ግንዶቹ ተራርቀው እንደ ቁጥቋጦ የሚቆሙባቸው ማሳዎች የታቀዱት ለዚሁ ነው። ሣር ደግሞ ውኃ ይጠጣል። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ጠብታ በማይጥልበት አገር ሣሩን ዝም ብሎ የተወ ሰው የወይኑን ውኃ ለሣሩ አካፈለ ማለት ነው፤ የጥንቶቹ የካሊፎርኒያ ገበሬዎችም በጸደይ አጥብቀው ያርሱ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አፈሩን ሳይገለብጡ ሣሩን ማሸነፍ፣ ማለትም በበግ ማስጋጥ፣ ማጨድ፣ ወይም አስተኝቶ መሬቱን እንዲያለብስ ማድረግ ያስፈልጋል። እነርሱም ማረሱን በአንድ ጊዜ ርግፍ አድርገው አልተዉትም፤ ቀስ በቀስ እየቀነሱት ነው የመጡት። ይህን ዓይነቱን ጭንቅ ሳይደብቅ የሚያሳይ ጉብኝት በመሆኑ ከሌሎች የወይን ጠጅ ቤቶች ጉብኝት በላይ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፤ ለገበሬ ልጅ ከበርሜል መጋዘን ይልቅ ይህ ክርክር ያረካል።

በአስተናጋጃችን ፈቃድ ከረድፉ ጠርዝ በጣቴ ጥቂት አፈር ዝቄ አየሁ። እንደ ቆሎ በትናንሽ እንክብል የተበታተነ፣ ሲጫኑት የሚፈርስ፣ ዝናብ እንደነካው ጫካ የሚሸት አፈር ነው፤ ቀጫጭን የአጃ ሥሮች እንክብሎቹን እንደ ክር ሰክተዋቸዋል፣ አንዲት የምድር ትልም ብርሃን ሲያገኛት ተሸማቃ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ከመካከሉ እንደ አይብ የነጣ ድንጋይ ይወጣል። ድንጋዩ የጥንት የባሕር ወለል ቅሪት ሲሆን፣ ውኃ ቢያንጠባጥቡበት ዓይናችን እያየ ጠጥቶ ይጨርሰዋል፤ ምላስ ቢያስነኩትም ይጣበቃል (ሞክሬዋለሁ፣ ባለቤቴ አፍራብኛለች)። ወይኑ የበጋውን ወራት የሚያልፈው በክረምት ድንጋዩ የጠጣውን ውኃ በጥልቅ ሥሩ እየሳበ ነው። በኖራው ውስጥ ያለው ካልሲየም ደግሞ የሸክላውን ደቃቅ ከብስባሹ ጋር እያያያዘ እንክብሉን ይሠራል። በሥሮቹ ላይ የሚኖሩት ፈንገሶችም ከተክሉ ስኳር ተቀብለው በምላሹ ሥሩ ራሱ ከማይደርስበት ቦታ ፎስፈረስ ያመጡለታል፤ ንግዱ የሚቆመው ሕያው ሥር ሲጠፋ ስለሆነ ነው መሬቱን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ለማልበስ ይህን ያህል የሚደከመው።

ስለ ሪጀነሬቲቭ ኦርጋኒክ ምስክር ወረቀቱ ትንሽ ልበል፤ ጠርሙስ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ለእርሱም ነውና። መስፈርቱን እ.ኤ.አ. በ2017 ያቋቋሙት የኦርጋኒክ እርሻ ምርምር ተቋሙ ሮዴል ኢንስቲትዩት፣ ልብስ አምራቹ ፓታጎንያና ሳሙና አምራቹ ዶክተር ብሮነርስ ናቸው። ኦርጋኒክነትን እንደ መግቢያ ይዞ ከዚያ በላይ ሦስት ነገር ይመረምራል፦ የአፈሩን ጤና፣ የእንስሳቱን አያያዝ፣ የሠራተኛውን ክፍያና መብት። ደረጃውም ነሐስ፣ ብርና ወርቅ ተብሎ ይከፈላል። ተራ ኦርጋኒክ የሚለው ምልክት በአብዛኛው ምን እንዳይረጭ የሚከለክል ሲሆን፣ ለቃሚው ስንት እንደሚከፈለው አይጠይቅም፤ ለእኔ ትልቁ ልዩነት እሱ ነው። ሆኖም ምልክቱ የሚመለከተው ምስክር ወረቀት ካለው መሬት የመጣውን ወይን ብቻ ነው። ፓተሊን ደ ታብላስ በሚል ስም የሚሸጡት ረከስ ያሉ ጠርሙሶች ከሌሎች ገበሬዎች በተገዛ ወይን ጭምር የሚጠመቁ ስለሆኑ፣ ለአፈሩ ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ የእርሻውን ስም አይታችሁ ብቻ አትክፈሉ፤ ምልክቱን ጠርሙሱ ላይ ፈልጉት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። በዝናባማዎቹ የአውሮፓ የወይን አገሮች ኦርጋኒክ ገበሬዎችም ሳይቀሩ ለሻጋታ በሽታ መዳብ ይረጫሉ፤ መዳብ አፈር ውስጥ ይከማቻል፣ በግ ደግሞ ከከብቶች ሁሉ መዳብን የማይችል እንስሳ ነው። በካሊፎርኒያ በጋው ደረቅ ስለሆነ የሚበዛው የሻጋታ ዓይነት ሌላ ነው፤ እሱም በድኝ ይመከታል። በመሆኑም በግና ወይን እንዲህ ተስማምተው የሚያድሩት የአየሩ ጠባይ ስለፈቀደም ጭምር ነው። ታብላስ ክሪክን አይቶ «ለምን ሁሉም እንዲህ አያደርግም?» ብሎ መፍረድ ተገቢ የማይመስለኝ ለዚህ ነው።

ወደ ቅምሻው ስንመለስ፣ ዋና ጠጃቸው ኤስፕሪ ደ ታብላስ ይባላል፤ ቀዩ ሙርቬድር የተባለው የወይን ዝርያ የሚመራው ቅልቅል ነው፤ ነጩን ደግሞ ሩሳን የተባለው ዝርያ ይመራዋል። ቀዩ ከበድ ያለ፣ አፍን ጠበቅ የሚያደርግ፣ ሥጋ የሚፈልግ ነው፤ ከክትፎ ይልቅ ለደረቅ ጥብስ የሚስማማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ነጩ ባልጠበቅሁት መንገድ የብርዝን ጠረን አስታወሰኝ፤ ጣፋጭ ግን አይደለም። ኤስፕሪ ዋጋው ወደድ ስለሚል የዘወትር መጠጥ አይሆንም፤ ለሠርግ ወይም ለክርስትና ስጦታ ቢሆን ግን አያሳፍርም። ከ2022 ጀምሮ ፓተሊንን በሦስት ሊትር ካርቶን ማቅረባቸውን ወድጄዋለሁ። የአራት ጠርሙስ መጠጥ ያለ ብርጭቆው ክብደት ይጓጓዛል፤ ለአፈር የሚጠነቀቅ ሰው ለጠርሙስ ማቅለጫ የሚነደውን ነዳጅ ቢያስብ ነገሩ የተያያዘ ነው። ካርቶን የወይን ጠጅ ይዞ እንግዳ ቤት መግባት በእኛ ዘንድ ገና ድፍረት ይጠይቃል እንጂ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ስሙን የማልጠቅሰው ሌላ የወይን ጠጅ ቤት ገብተን ነበር። በሩ ላይ «በዘላቂነት የሚመረት» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል፤ ከግንዶቹ ሥር ግን የአረም መድኃኒት ያቃጠለው ቢጫ መስመር ከረድፍ እስከ ረድፍ ተዘርግቷል፣ ጠዋት የጣለው ዝናብም በትራክተሩ ጎማ መንገድ ላይ ሳይሰርግ ተኝቷል። ሰሌዳው ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቅ አስተናጋጁ ስለ ቼሪ ጣዕም ነገረኝ። የቅምሻ አዳራሹ ያማረ፣ ወንበሩም ከታብላስ ክሪክ የሚመች እንደነበር ግን አልክድም።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ቀድሞ ቦታ ይያዝ፤ ሲይዝም ቅምሻውን ብቻ ሳይሆን የእርሻውን ጉብኝት ለይቶ ይጠይቅ፤ አፈሩ የሚታየው በዚያ ነው። ጫማው ጭቃ የማይፈራ ይሁን። ሁለታችሁም ከቀመሳችሁ የሚነዳ ሰው ስለማይኖር፣ እኛ እንዳደረግነው አንዳችሁ በውኃ ብትወሰኑ ወይም ከተማው ውስጥ ብታድሩ ይሻላል። ጊዜውን በተመለከተ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለውን ምረጡ፤ ወይኑ ቅጠል ካወጣ በኋላ የሚሄድ ሰው ያማረ ተክል ያገኛል፣ በጎቹን ግን በረድፎቹ መካከል አያገኛቸውም።