ታብሌት ወይስ ላፕቶፕ? ጎንደር ላይ በዲዛይን፣ በቪዲዮና በኮድ ለምትሠሩ

ገንዘባችሁ የሚበቃው ለአንድ ዕቃ ብቻ ከሆነ፣ ሥራችሁም በእጅ መሣል ካልሆነ፣ ላፕቶፕ ግዙ። ይህን የምለው ታብሌት ጠልቼ አይደለም፤ ሁለቱንም ይዤ ጎንደር ላይ የሰርግ ካርድ፣ ባነርና አርማ እሠራለሁ። ልዩነቱ የፍጥነት እንዳይመስላችሁ። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡት አይፓድ ፕሮዎች የያዙት ማክ ላፕቶፕ ላይ ያለውን የአፕልን የኤም ቺፕ (የኮምፒውተሩን አንጎል) ነው። ጥያቄው የምትፈልጉት ሶፍትዌር አለ ወይ፣ ያለቀው ፋይልስ ማን እጅ ይገባል የሚለው ነው።

ሥዕል ላይ ታብሌት ያሸንፋል። ብዕሩን ጫን ስትሉት መስመሩ ይወፍራል፣ ለቀቅ ስታደርጉት ይቀጥናል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች በማውስ ለመንደፍ የሞከረ ሰው የምለው ይገባዋል። ብዙ ሠዓሊዎች የሚወዱት የአይፓድ መሣያ አፕ፣ ፕሮክሬት፣ ለላፕቶፕ ጨርሶ አልተሠራም። ዋጋ ስታወዳድሩ ግን የአይፓድ ብዕር ለብቻው እንደሚሸጥ አትርሱ፤ የሳምሰንግ ታብ ኤስ ብዕር ከካርቶኑ ውስጥ ይወጣል፣ ለመሣልም ቻርጅ አይፈልግም። ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ በዩኤስቢ የሚሰካ የሥዕል ሰሌዳ ብትጨምሩ በትንሽ ወጪ ትገላገላላችሁ።

የኅትመት ሥራ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ጊዜ የደንበኛዬን ጽሑፍ በታብሌት ብከፍተው የሙሽሮቹ ስም የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ወጣ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ደረጃ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ የድሮዎቹ ፎንቶች ፊደሎቻችንን ያስቀመጡት በላቲኑ ቦታ ላይ ስለሆነ ያው ፎንት ካልተጫነ አይነበቡም። ላፕቶፕ ላይ ፎንቱን መጫን የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ እኔ ግን ታብሌቱን ይዤ ስታገል አመሸሁ። ማተሚያ ቤቱ የኮረል ፋይል ከጠየቃችሁም ሙሉው የዲዛይን ፕሮግራም ኮረልድሮው የሚሠራው በዊንዶውስና በማክ ነው። ፎቶሾፕና ኢሉስትሬተር ለአይፓድ አሉ፣ ግን ከኮምፒውተሩ የጎደላቸው ብዙ ነው።

ፎቶ አንሺዎች ጥር 11 ፋሲለደስ መጠመቂያ አጠገብ ጥላ ፈልገው ካርዳቸውን ታብሌት ላይ ሰክተው በፎቶ ማረሚያው ላይትሩም ሲመርጡና ሲያቀልሙ አይቻለሁ፤ ለዚህ ታብሌት ግሩም ነው። የሰርግ ቪዲዮ ግን ሌላ ነው። የቪዲዮ ማቀናበሪያው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አይፓድ ላይ አለ፣ አጭር ቪዲዮም ደህና ይሠራል። የሁለት ሦስት ካሜራ፣ የብዙ ሰዓት ቀረጻ ሲመጣ የታብሌቱ ማከማቻ ቶሎ ይሞላል፤ ፋን ስለሌለውም ረጅም ሥራ ላይ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ኮድ ለምትጽፉ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። የአንድሮይድ አፕ መሥሪያው አንድሮይድ ስቱዲዮ አንድሮይድ ታብሌት ላይ አይሠራም፤ የአፕል አፕ መሥሪያው ኤክስኮድም አይፓድ ላይ የለም። ሬቪት (የሕንፃ ንድፍ) ና ኤስፒኤስኤስ (የስታትስቲክስ ፕሮግራም) የሚያስፈልጋችሁ ተማሪዎችም ያው ላፕቶፕ ነው። ሙሉ ዊንዶውስ የሚሠራባቸው እንደ ሰርፌስ ፕሮ ያሉ ታብሌቶች አሉ፣ ግን ከተለመደው የኢንቴል ዓይነት የተለየ የአርም ቺፕ ያላቸው ላይ እምቢ የሚሉ ፕሮግራሞችና የፕሪንተር ድራይቨሮች (ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ የሚያግባቡ ፕሮግራሞች) ስላሉ ከመክፈላችሁ በፊት የራሳችሁን ፕሮግራም ጭናችሁ እዩ።

መብራት ሲጠፋ ታብሌት ይሻላል፤ ከተራ ፓወር ባንክ ቻርጅ ይደረጋል። 65 ዋት የሚፈልግ ላፕቶፕ ግን ከተራው አይጠጣም።

በጀቱ ካነሰ ከአዲስ ርካሽ ታብሌት ይልቅ ደህና ዩዝድ ላፕቶፕ እመርጣለሁ። ብዙዎቹ ላይ ራሙን ከ8 ወደ 16 ጊጋ ማሳደግ፣ ሃርድ ዲስኩን ፈጣን በሆነው ማከማቻ፣ በኤስኤስዲ፣ መቀየር ይቻላል፤ ቀጫጭኖቹ ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ሊሆን ስለሚችል አስከፍታችሁ አረጋግጡ። ባትሪውንም ሻጩ "ይቆያል" ስላለ አትመኑ። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን አስተያዩ፣ ግማሽ ከወረደ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ይቀነስልኝ በሉ።